ዋጋው ወረደ እንጂ ወጪው አልወረደም

የስቅለት ዕለት ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ ውለን፣ ጉልበታችን ተብረክርኮ፣ ጉሮሯችን ደርቆ ወደ ማታ ወጣን። ጥቁሯ መኪናዬ ጠዋት ባቆምኳት ቦታ አለች። አቋሟ ግን የጠዋቱ አይደለም። የኋላ ወገቧ ወርዶ መሬት ሊነካ ደርሷል፤ ጎማዎቿ ላሜራው ሥር ገብተው ግማሻቸው አይታይም። ነጠላቸውን ያጣፉ አንድ አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ትንሽ አዩዋትና፣

«ልጄ፣ እሷም አብራን ስትሰግድ ነው እንዴ የዋለችው?» አሉኝ።

በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሆዴ ግን ሌላ ሒሳብ ነበር የያዝኩት። የአየር ከረጢቱ ነው ወይስ ኮምፕረሰሩ? ስንት መቶ ነው ወይስ ስንት ሺህ? የዚህ ወር የቤት ኪራይ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?

ይህን የምጽፈው ያን ማታ ለሳቁት አይደለም። ከሳቁት መካከል ቆመው፣ መኪናዋን በስስት ዓይን እያዩ «ብትሰግድም ቆንጆ ናት» ሲሉ ለነበሩት ሁለት ወጣቶች ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንደነሱ ነበርኩና።

የመኪናዬን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የኔ እንጂ የሠሪዋ አይደለም። ከእንግሊዞቹ አንዷ ናት ልበልና ልለፍ። አራት በር፤ ውስጧ ቆዳና የተወለወለ እንጨት፤ ኮፈኗ ሥር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፤ ሞተሩ ላይ ደግሞ አየር በግፊት የሚያጎርስ ሱፐርቻርጀር። አዲስ ሳለች ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ትሸጥ ነበር። እኔ እቁብ ደረሰኝና ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ በ6,500 ዶላር ገዛኋት። ያን ቀን ራሴን የዓለም ብልጥ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ጓደኛዬ ያገለገለች ኮሮላ በ9 ሺህ ሲገዛ አዘንኩለት። ልብ በሉ፣ ያዘንኩት ለእሱ ነው።

ለምን እንደገዛኋት ሳልደብቅ ልናገር። ለስድስት ዓመት ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ከአንድ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ የሰው መኪና ሳቆም ኖሬያለሁ። በዚህ ከተማ ሥራውን ራሱ ያልሠራ የሀገሬ ሰው ቢኖር፣ የሠራ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ አያጣም። ባለመኪናው ቁልፉን ይሰጥህና ፊትህን ሳያይ ወደ ሊፍቱ ይሄዳል። አንተ ከመግቢያው እስከ ታች ሁለተኛው ወለል ትነዳለህ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሁለት ደቂቃ ጌታ ነህ። ከዚያ ወርደህ ቁልፉን ትሰቅልና ወንበርህ ላይ ትመለሳለህ። የዚያ ቆዳ ሽታ ስድስት ዓመት አፍንጫዬ ውስጥ ኖረ። እቁቡ ሲደርሰኝ የገዛሁት መኪና አይመስለኝም። ያቺን ሁለት ደቂቃ ነው የገዛሁት።

እንግሊዞቹ መኪና ሠሪዎች ይህን ስሜት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ጃጓርን እንውሰድ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቹ ዊሊያም ላየንስ በ1922 ብላክፑል ውስጥ ከባልደረባው ጋር የጀመረው ከሞተር ብስክሌት ጎን የሚገጠም የተሳፋሪ መቀመጫ በመሥራት ነበር። ትልቁ ጥበቡ ከዋጋው በላይ የሚመስል መኪና ሠርቶ ማቅረብ ነው። ኤክስጄ የተባለው ታዋቂው ሴዳን በ1968 ወጥቶ፣ ትውልዱ እየተለወጠ እስከ 2019 ተመረተ። በመካከሉ ኩባንያውን በ1989 የአሜሪካው ፎርድ፣ በ2008 ደግሞ የሕንዱ ታታ ገዛው። ባለቤቱ ሲቀያየር የመኪናው ቋንቋ ግን ያው ነበር፦ የተቀመጠበትን ሰው ጌታ ያስመስላል። በ2004 ኤክስጄአር የሚባለው ባለ ሱፐርቻርጀሩ ዓይነት አሜሪካ ውስጥ ወደ 75 ሺህ ዶላር ይጠራ ነበር። ዛሬ ያንኑ መኪና ከዚያ ዋጋ አንድ አሥረኛ በሚሆን ገንዘብ ማግኘት ይቻላል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋጋው ሲወርድ መኪናው የረከሰ ይመስለዋል። መኪናው እኮ አልረከሰም። የረከሰው መግዣው ብቻ ነው። የ75 ሺህ ዶላር መኪና ሃያ ዓመት ቢሞላውም፣ ኮምፕረሰሩ የ75 ሺህ ዶላር መኪና ኮምፕረሰር ነው፤ ካምቢዮው የ75 ሺህ ዶላር መኪና ካምቢዮ ነው። መለዋወጫ የገዢውን ደመወዝ ጠይቆ ዋጋ አይቀንስም። መካኒኩም «ይሄ ምስኪን በ6,500 ነው የገዛት» ብሎ በእጅ ዋጋው አይራራም።

ገበያ ደግሞ ሞኝ አይደለም። አንድ ነገር ዋጋው አንድ አሥረኛ ሲሆን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ብዙውን ጊዜ መኪናውን በሊዝ ሦስት ዓመት ይይዛል። በዚያ ጊዜ ብልሽት ቢኖር በዋስትናው ይጠገንለታል። ዋስትናው ሲያልቅ ቁልፉን መልሶ ሌላ አዲስ ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው ባለቤት ጥቂት ይከፍላል፤ ሦስተኛው ሲያንገራግር ይሸጣል። አራተኛው እኔ ነኝ። ምቾቱን ሌሎች ተጠቅመውበት አልቋል፤ የቀረው ዕዳው ነው። የዋጋው መውረድ ቅናሽ ሳይሆን፣ ዕዳውን እንድረከብላቸው የከፈሉኝ ጉርሻ ነበር።

ዕዳው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። እንዲህ ካሉ የቅንጦት መኪናዎች ብዙዎቹ በብረት ሞላ ፋንታ በአየር ላይ ነው የሚቀመጡት። በየጎማው በኩል አየር የሚይዝ የጎማ ከረጢት አለ። አንድ ኮምፕረሰር ይሞላቸዋል፤ ሴንሰሮች የመኪናውን ከፍታ እየለኩ ያዙታል። አዲስ ሲሆን ጉድጓድ የሚባል ነገር መኖሩን ትረሳለህ። ጎማ ግን ያረጃል፤ ይሰነጠቃል። ከረጢቱ አየር ማስወጣት ሲጀምር ኮምፕረሰሩ የጎደለውን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ይሠራል። ገንዘብ ያለው ሰው ከረጢቱን ወዲያው ያስቀይራል። ገንዘብ የሌለው «ለሚቀጥለው ወር» ይላል። በሚቀጥለው ወር ኮምፕረሰሩም ተቃጥሎ ይጠብቀዋል። አንዱ ብልሽት ሁለት ሆነ ማለት ነው። ድሃ ለአንድ ዕቃ ከሀብታም የበለጠ የሚከፍለው እንዲህ ነው፤ በቀጠሮ።

ሌላም አለ። በአንዳንዶቹ ባለ ሱፐርቻርጀር ሞተሮች ላይ ከሱፐርቻርጀሩ ሥር የምታልፍ አንዲት የማቀዝቀዣ ቱቦ አለች። ቱቦዋ ብቻዋን ብትገዛ ከአንድ ምሳ ብዙም አትበልጥም። እሷን ለማግኘት ግን ሱፐርቻርጀሩ መነሳት አለበት። ለርካሽ ቱቦ የብዙ ሰዓት የእጅ ዋጋ ትከፍላለህ። «ተዋት፣ ውኃ እየጨመርኩ እነዳለሁ» ካልክ ደግሞ ሞተሩ ግሎ ሌላ መዘዝ ያመጣብሃል።

አውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይት ላይ ደግሞ «ለዕድሜ ልክ የተሞላ» የሚል ቃል አለ። ብዙ መኪና ሠሪዎች እንዲህ ይላሉ። ለብዙዎቹ የቅንጦት መኪናዎች ካምቢዮ የሚያቀርበው የጀርመኑ ዜድኤፍ ግን ዘይቱ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራል። ታዲያ ያ «ዕድሜ ልክ» የማን ዕድሜ ነው? የካምቢዮው አይደለም። የኔም አይደለም። የመጀመሪያው ባለቤት ውል ዕድሜ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር አንድ መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። የመኪና ማቆሚያውም የቡና ቤቱም ወሬ እሱ ነው፤ «ቢያንስ ወርሃዊ ክፍያ የለብኝም!» ይላሉ። እኔም አራት ዓመት ስለው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ደረሰኞቼን ከጓዳ አውጥቼ ደመርኳቸው። የጥገናው ብቻ 11,400 ዶላር ሆነ። በዚያ ላይ የገዛሁበት 6,500። በመጨረሻ የሸጥኳት በ1,800 ነው። ልዩነቱ 16,100 ዶላር ነው። ለ48 ወር ስታካፍሉት በወር 335 ዶላር ይደርሳል። ውዱ ቤንዚን አልተቆጠረም። ኢንሹራንሱ አልተቆጠረም። ጋራዥ በቆመች ቁጥር ሥራ የሄድኩበት ታክሲ አልተቆጠረም። ወርሃዊ ክፍያ አልነበረብኝም? ነበረብኝ እንጂ። የባንክ ክፍያ ቀኑና መጠኑ ይታወቃል፤ ማለቂያም አለው። የኔው ቀኑም መጠኑም ማለቂያውም የማይታወቅ ክፍያ ነበር።

እሺ፣ ገንዘቡ የራሴ ነው። ብከስር የከሰርኩት እኔ ነኝ። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ይህን አልጽፍም ነበር።

መኪናዋን በገዛሁ በሳምንቱ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ምን ይመስላችኋል? ዘይት መቀየር አይደለም። ፎቶ መነሣት ነው። ኮፈኗን ደገፍ ብዬ፣ መነጽር አድርጌ፣ ፖቶማክ ወንዝን ከኋላ አድርጌ ተነሣሁና አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ ላክሁለት። እሱ ለእማዬ አሳየ። እማዬ ለጎረቤት አሳየች። ጎረቤት ለዕድሩ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ያ ፎቶ እዚህና እዚያ አንድ ትርጉም የለውም። አሜሪካ ውስጥ ያረጀ የቅንጦት መኪና የሚይዝ ሰው ወይ አፍቃሪ ነው ወይ ተታላይ። ሀብታም መሆኑን ግን ማንም አይገምትም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን መኪና ንብረት ነው። ቀረጥ አለ፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለ፤ የብር መውደቅ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ ለዓመታት የነዱትን ኮሮላ ወይም ቪትዝ ከገዙበት ብር በላይ መሸጥ እዚያ ብርቅ አይደለም። እዚያ መኪና ያለው ሰው፣ ቢቸግረው የሚሸጠው ነገር አለው። ወንድሜ ያንን ፎቶ ያነበበው በሚኖርበት አገር ቋንቋ ነው። «ጋሼ ሰው ሆነ» አለ። እኔ ግን የላክሁለት የ6,500 ዶላር ዕዳ ፎቶ ነበር።

መኪናን የክብር ሚዛን ማድረግ ዛሬ የጀመርነው አመል አይደለም። ሮልስ ሮይሶች የነበሯቸው ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ያን ቀን ሲያወራ ቮልስዋገኗን የማያነሳ ሰው አታገኙም። መኪናዋ ትንሽ መሆኗ ከዙፋኑ መውረድ እኩል ይወራል። እንዲህ ካለ ሕዝብ ወጥቼ ነው ኮፈን ተደግፌ ፎቶ የላክሁት። የማደርገውን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ወንድሜ ደወለ። የእማዬ ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ተጋርደዋል፤ አንዱ በቶሎ መነሣት አለበት ተባለ። የፈለገው ገንዘብ ብዙ አልነበረም። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ለከረጢቱና ለኮምፕረሰሩ 2,300 ዶላር ከፍዬ፣ የቤት ኪራዩን ከጓደኛ ተበድሬ ነበር የተቀመጥኩት።

«አሁን እጄ ላይ የለም» አልኩት።

ስልኩ ላይ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ያንን መኪና እየነዳህ ለእማዬ የለኝም ትላለህ?» አለኝ።

ምን ብዬ ላስረዳው? መኪናው ስላለኝ ነው የሌለኝ ልበለው? እውነቱ እኮ እሱ ነው። ግን ማን ያምናል? የዋሸሁ መሰለው። አልዋሸሁም ነበር። የዋሸው ፎቶው ነው፤ ፎቶውን የላክሁት ግን እኔ ነኝ። የእማዬ ዓይን ሰባት ወር ጠበቀ። ሰባት ወር ሙሉ ግድግዳ እየዳሰሰች ስትሄድ፣ የልጇ መኪና ፎቶ ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። እሷ አታየውም ነበር እንጂ።

«ታዲያ ሰው የወደደውን መኪና አይንዳ ነው የምትለን?» የሚል ይኖራል። አላልኩም። መኪናዋ ክፉ ነበረች ብዬም አላማም። ሌሊት ሥራ ውዬ፣ ጎህ ሲቀድ የወንዙን ዳር መንገድ ይዤ ስመለስ፣ ነዳጁን ትንሽ ስረግጠው የሱፐርቻርጀሩ ፉጨት በስሱ ሲሰማ፣ ከዚያ በላይ ደስታ አላውቅም። እንግሊዝም አሜሪካም ያረጁ የእንግሊዝ መኪኖችን የሚያፈቅሩ ሞልተዋል። እነሱ ግን ሥራ የሚሄዱበት ሌላ መኪና አላቸው። መፍቻውን በራሳቸው እጅ ይይዛሉ። የገዙበትን ያህል ገንዘብ ለጥገና አስቀምጠው ነው የሚገዙት። ሲበላሽባቸው ቅዳሜያቸውን ያገኛሉ፤ ሲበላሽብኝ ደመወዜን አጣለሁ። መኪናው ለእነሱ ጨዋታ ነው። ለእኛ ግን ደብዳቤ ነው፤ «ተሳክቶልኛል» ብለን ወደ አገር ቤት የምንልከው ደብዳቤ። የመልእክተኛው ደመወዝ ደግሞ በየወሩ ይከፈላል።

አንዳንዱ ደግሞ በክብር ይመጣል። «ስድስት ዓመት የሰው መኪና ስታቆም ኖረህ አንድ ቀን የራስህን ብትነዳ ምን ነውር አለው?» ይለኛል። ይሄኛው ልቤን ይነካኛል። ነውር የለውም። ግን ንገሩኝ፤ ቁልፉን ሰጥቶኝ ፊቴን ሳያይ የሚሄደው ሰው መኪናውን የፈለገው ለማን ነበር? ለራሱ ነው። ሲሰለቸው ተወው። እኔ ግን እሱ የተወውን አንሥቼ፣ ጥገናውን ከእናቴ ዓይን ላይ እየቆረጥኩ ስከፍል፣ ከፓርኪንጉ ወጣሁ ማለት ነው? ያንኑ ሰው መኪና ነው ስጠብቅለት የኖርኩት። ልዩነቱ ድሮ ይከፈለኝ ነበር፤ አሁን ከፋዩ እኔ ሆንኩ።

በመጨረሻ ልሸጣት ማስታወቂያ አወጣሁ። መጀመሪያ የመጣው የሀገሬ ልጅ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ገና በሩን ሲከፍት የቆዳው ሽታ ሲመታው ፊቱ ላይ አየሁት። ደረሰኞቹን በሙሉ አውጥቼ አንድ በአንድ አስረዳሁት። አልሰማኝም። «ጋሼ፣ ለመሸጥ ነው ወይስ ለመስበክ ነው የጠሩኝ?» አለኝ። አልሸጥኩለትም። ተቀይሞኝ ሄደ። በሁለተኛው ቀን አንድ ጡረታ የወጡ ፈረንጅ መጡ። ጋራዣቸው ውስጥ መኪና የሚያነሳ ማሽን አላቸው። ብልሽቷን ስዘረዝርላቸው ሠርግ የተጠሩ ያህል ፊታቸው በራ። በ1,800 ዶላር ወሰዷት። በእውነት ለእሷም ደስ አለኝ።

ያ ልጅ ይህን ያነብ ይሆናል። ቅር ብሎህ ከሆነ ይቅርታ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ለራስህ መልስ። ይህቺ መኪና ነገ ብትቆም በምን ሥራ ትሄዳለህ? የገዛህበትን ያህል ገንዘብ ሌላ አለህ? ፎቶዋን ለማንም እንዳትልክ ብትከለከል ትገዛታለህ? ለሦስቱም የምታፍርበት መልስ ከሌለህ ግዛት፤ ይባርክልህ። ለሦስተኛው ዝም ካልክ ግን የፈለግኸው መኪና አይደለም።

አሁን የምነዳው ዕድሜ ጠገብ ኮሮላ ነው። አይሰግድም፤ አያፏጭም፤ ማንም ዞሮ አያየውም። በቀደም ፎቶውን ሆን ብዬ ለወንድሜ ላክሁለት። ወዲያው ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ? ሥራ ለቀቅህ እንዴ?»

«አልለቀቅሁም» አልኩት። «ዕዳ ነው የለቀቅሁት።»

ገብቶት እንደሆነ እንጃ። የእማዬን የሁለተኛውን ዓይን ማሳከሚያ ግን በዚያው ሳምንት ልኬያለሁ።